አሽቀሎን (የመጽሐፍ ቅዱሷ አስቀሎና)፦ ወንዝ የላት፣ ወደብ የላት፤ እንዴት ከተማ ሆነች?

የነታንያዋ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። በእስራኤል የሜዲትራንያን ባሕር ዳር ስላለችው ከተማ፣ ስለ አሽቀሎን፣ በአማርኛ የሚገኘው ጽሑፍ ወይ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ ነው፣ ወይ የሮኬት ዜና ነው። ጠለቅ ያለ ነገር የምታውቁ ካላችሁ ሦስት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ ካርታው ላይ ስትታይ የባሕር ዳርቻዋ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ ነው፤ ወንዝም አይገባባትም፤ ታዲያ 4,000 ዓመት ሙሉ ሰው ለምን እዚያ ሰፈረ? ሁለተኛ፣ ባሕሩ ዳር ካለው የፈረሰ ግንብ ክብ የድንጋይ ምሰሶዎች እንደ መድፍ አፍ ወጥተው ይታያሉ፤ ምንድን ናቸው? ሦስተኛ፣ ዛሬ ከተማዋ የምትተዳደረው በምንድን ነው?

ቆፋሪው
የመጀመሪያው ጥያቄሽ መልስ ከመሬት በታች ስለሆነ ብዙ ሰው አያየውም። (ቀኖቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

አካባቢው በዓመት ከ450 እስከ 500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ያገኛል፤ አብዛኛው ከኅዳር እስከ መጋቢት ይወርዳል። መሬቱ አሸዋ ስለሆነ ዝናቡ ጎርፍ ሆኖ ከመሄድ ይልቅ ይሰርጋል። ከአሸዋው ሥር «ኩርካር» የሚባል ድንጋይ አለ። ኩርካር ጥንት የአሸዋ ክምር ነበር፤ ኖራ እንደ ሲሚንቶ አጣብቆት ጠጠረ። ቀዳዳው ግን አልተደፈነም፤ ስለዚህ ውሃ እንደ ስፖንጅ ይይዛል። ከእሱ በታች ውሃ የማያሳልፍ ድፍን የሸክላ አፈር ተነጥፏል። ውሃው እዚያ ላይ ይቆምና ቀስ እያለ ወደ ባሕሩ ያዘነብላል። የጥንቷ ከተማ የተቆረቆረችው ይህ ውሃ ባሕር ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ባለው ቦታ ላይ ነው። ባጭሩ ወንዝ አላት፤ ወንዟ ከመሬት በታች ነው።

ፍርስራሹ ያለበት ጉብታ 60 ሄክታር ያህል ነው። ቅርጹ ደጋን ይመስላል፦ ቀጥ ያለው ጎን ባሕሩ ነው፣ የጎበጠው ጎን ወደ ምድር ነው። ከቅጥሩ ውስጥ በደርዘን የሚቆጠሩ ጉድጓዶች ተገኝተዋል። ይህ ለጦርነት ምን ማለት እንደሆነ አስቢው፤ የከበባት ጠላት ውሃ ሊቆርጥባት አይችልም።

ወደብ የላትም ያልሽው ትክክል ነው። መርከቦች ራቅ ብለው መልሕቅ ይጥላሉ፣ ዕቃው በትናንሽ ጀልባ ይመላለሳል። ያም ሆኖ ከግብፅ ወደ ሶርያ የሚወጣው የባሕር ዳር መንገድ በደጇ ስለሚያልፍ በረሃውን ያቋረጠ ነጋዴም ሠራዊትም ውሃ የሚጠጣው እሷ ዘንድ ነው። ፈርዖን ሜርነፕታህ በ1208 ከክርስቶስ ልደት በፊት አካባቢ ባቆመው ሐውልት ላይ ያዝኳቸው ብሎ ከዘረዘራቸው አንዷ አስቀሎና ናት። የእስራኤል ስም ተጽፎ የተገኘበትም ያው ሐውልት ነው።

ጨው በረንዳ
ቆፋሪው፣ አንድ ነገር አልገባኝም። ከባሕር 50 እና 100 ሜትር ርቆ የተቆፈረ ጉድጓድ እንዴት ጨው አይሆንም? አሸዋው ውሃ ካሳለፈ የባሕሩንም ያሳልፋል።

ቆፋሪው
ያሳልፋል እንጂ! ነገሩ የክብደት ነው። የባሕር ውሃ ከዝናብ ውሃ በ2.5 በመቶ ያህል ይከብዳል። ስለዚህ የዝናቡ ውሃ፣ ዘይት ውሃ ላይ እንደሚሰፍፈው፣ ከመሬት በታች በጨዋማው ላይ ይሰፍፋል። ሒሳቡ አንድ ለአርባ ነው፤ የጉድጓዱ ውሃ ከባሕር ጠለል በ1 ሜትር ከፍ ካለ፣ ከጠለሉ በታች እስከ 40 ሜትር ድረስ የሚጠጣ ውሃ ይኖራል።

ሒሳቡ ግን በክፉም ይሠራል። ብዙ ቀድተህ የውሃውን ከፍታ በግማሽ ሜትር ብታወርደው ጨዋማው ከሥር 20 ሜትር ይነሣብሃል። አንዴ ጨው የገባው ጉድጓድ ደግሞ ቶሎ አይመለስም። ስለዚህ በባሕር ዳር አንድ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ በኃይለኛ ፓምፕ ከመሳብ ይልቅ ብዙ ጥልቀት የሌላቸው ጉድጓዶች ቆፍሮ ከእያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት መቅዳት ይሻላል። በባልዲና በእንስሳ የሚዞር መሳቢያ የነበራቸው ሰዎች ከአቅማቸው በላይ ሊቀዱ ስለማይችሉ ሳይወዱ በግድ ጠንቃቆች ነበሩ። በ20ኛው መቶ ዘመን ነው ሞተሩ መጥቶ የባሕር ዳሩን የከርሰ ምድር ውሃ ጨው ያስገባበት።

አባይ ማዶ
ስለ አሸዋው ከተነሣ አይቀር፦ የአሽቀሎን አሸዋ ከአሽቀሎን አይደለም። አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል እንላለን፤ ግንዱን ብቻ አይደለም ይዞ የሚዞረው። ወንዙ ሜዲትራንያን ላይ የሚያራግፈውን አሸዋ ከምዕራብ የሚመጣው ማዕበል እየገፋ በሲና ዳርቻ፣ በጋዛ፣ በአሽቀሎን አድርጎ እስከ ሃይፋ ባሕረ ሰላጤ ያደርሰዋል።

እዚህ ላይ ግን ሰው የሚያጋንነው ነገር አለ። «አሸዋው የጎጃም አፈር ነው» ሲባል እሰማለሁ። ነጣ ያለው አሸዋ ኳርትዝ ነው፤ የደጋችን ጥቁር ድንጋይ (ባዝልት) ደግሞ ኳርትዝ የለውም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ያ ከሌላው የአባይ ተፋሰስ አሮጌ ድንጋይ የመጣ ነው። ከኢትዮጵያ የሚወርደው አብዛኛው ደለል ደቃቅ ስለሆነ ጥልቁ ባሕር ውስጥ ይሰምጣል። በአሸዋው መካከል የሚታዩት ከበድ ያሉ ጥቋቁር ቅንጣቶች ግን፣ በተለይ ፒሮክሲን የሚባለው ማዕድን፣ በጥቁር አባይና በአትባራ አድርገው ከእኛው እሳተ ገሞራ ድንጋይ የወረዱ ናቸው። ጥቋቁሩን ለይቶ ማየት ለሚፈልግ፦ ማግኔት በፌስታል ጠቅልሎ ማዕበል ጠርጎ ጥቁር ሰንበር በተወው ደረቅ አሸዋ ላይ ማንሸራተት ነው። የሚጣበቀው ማግኔታይት ነው፤ ፒሮክሲኑ ለማግኔት ብዙም አይታዘዝም፣ ግን ማዕበሉ ክብደታቸውን መዝኖ ስለሚያከማቻቸው እዚያው ሰንበር ውስጥ ነው የሚገኘው። ፌስታሉን ሲገለብጡት ቅንጣቶቹ ይረግፋሉ። በባዶ ማግኔት ከሞከሩት ግን አይለቅም፤ ሲጠርጉ መዋል ነው።

የአስዋን ታላቁ ግድብ በ1970 ካለቀ ወዲህ አዲስ አሸዋ ከወንዙ አይወጣም። ማዕበሉ የሚያጓጉዘው ከዴልታው ራሱ እየሸረሸረ ነው። በዚያ ላይ ባሕር ውስጥ የሚሠራ ማንኛውም ግድግዳ፣ የጀልባ ማቆሚያም ይሁን የድንጋይ ክምር፣ የአሸዋውን ጉዞ ይቆርጠዋል፦ በደቡብ በኩል ይከማቻል፣ በሰሜን በኩል ዳርቻው ይራቆታል። አሸዋው ሲሳሳ ማዕበሉ የኩርካሩን ገደል እግር ያገኘዋል፤ ገደሉ ከሥሩ ይበላና ከላይ በድንገት ይናዳል።

ግንበኛው
የምሰሶዎቹን ጥያቄ እኔ ልውሰደው። መድፍ አይደሉም፤ ማሰሪያ ናቸው።

ኩርካር ለግንብ የሚመች ድንጋይ አይደለም። ለመጥረብ ቀላል ነው፣ ጨውና ማዕበል ግን ይፍቀዋል። የመካከለኛው ዘመን ቅጥር አሠራሩ በውጭና በውስጥ የተጠረበ ድንጋይ መደርደር፣ መሐሉን በኖራና በድንጋይ ፍርካሽ መሙላት ነው። ይህ ዓይነት ግንብ የሚበላሸው መሐሉና ፊቱ ሲለያዩ ነው፤ ማዕበል ወይም የከበባ መሣሪያ ፊቱን ሲመታው እንደ ልጣጭ ይወርዳል። ያንን ለመከላከል ከሮማውያን ከተማ ፍርስራሽ የተረፉትን የግራናይት ምሰሶዎች አጋድመው፣ ጫፋቸው ፊቱ ላይ፣ ቀሪው አካላቸው ግንቡ ሆድ ውስጥ እንዲሆን አድርገው ገነቡባቸው። ግራናይት በዚያ ዳርቻ አይገኝም፤ ሮማውያን በመርከብ ያስመጡት ነው፤ ለግንበኞቹ ግን ነጻ ዕቃ ነበር። በስምንትና በዘጠኝ መቶ ዓመት ኩርካሩ ተበልቶ አለቀ፣ ግራናይቱ ቀረ። ለዚህ ነው ዛሬ ወደ ባሕሩ ተገትረው የምታያቸው።

ከነዚህ የሚበልጥብኝ ግን በሰሜን በኩል ያለው በር ነው። በ1850 ገደማ ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ በጭቃ ጡብ የተሠራ፣ 15 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው መተላለፊያ ነው፤ ጣራው ቅስት ነበር። ቅስትን ሮማውያን ፈለሰፉት ለሚል ሰው ከዚህ በር የተሻለ መልስ የለም።

ቅጥሩ ስንት ጊዜ ተፈተነ? በጣም። በ1153 የመስቀል ጦረኞቹ ንጉሥ ባልድዊን ሦስተኛ ሰባት ወር ያህል ከበባት። ውሃ አልጎደለባትም፤ ምግብም ከግብፅ በመርከብ ይገባላት ነበር። የጣላት የራሷ እሳት ነው፦ ከባቢዎቹ ከመርከብ እንጨት የሠሩትን ረጅም የእንጨት ግንብ ተከላካዮቹ በእሳት ሲያያይዙት ነፋሱ ዞረ፤ እሳቱ ሌሊቱን ሙሉ ቅጥሩ ላይ ነደደ። ድንጋዩ በሙቀት ተሰነጠቀና ተናደ። በክፍተቱ አርባ ያህል ቴምፕላሮች (መነኮሳት ወታደሮች) ብቻቸውን ገብተው አለቁ፤ ከተማዋ ግን ከቀናት በኋላ እጅ ሰጠች። በ1187 ሡልጣን ሳላዲን መልሶ ያዛት። በ1191 የእንግሊዙ ንጉሥ ሪቻርድ ሲቃረብ ራሱ ሳላዲን አፈረሳት፣ ሪቻርድ በ1192 አደሳት፣ በስምምነት እንደገና ፈረሰች። በ1270 ሡልጣን ባይባርስ ለመጨረሻ ጊዜ ደመሰሳት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከአውሮፓ የሚመጣ መርከብ የሚያርፍበት የተመሸገ ዳርቻ እንዳይኖር።

የነታንያዋ
እግዜር ይስጥልኝ! የውሾቹ መቃብር የሚባለውስ እውነት ነው? የብሩ ጥጃስ?

ቆፋሪው
ሁለቱም እውነት ናቸው። ጥጃው በ1990 ነው የተገኘው፤ ከበሩ ወደ ባሕሩ በሚወርደው መንገድ አጠገብ ከነበረ ትንሽ መቅደስ። ቁመቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ነሐስ ሆኖ በብር የተለበጠ፣ ማደሪያ የምትሆነው የሸክላ ጎጆ አብራው የተገኘች። 1600 ዓመት ገደማ ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው ዘመኑ፤ ኦሪት ዘጸአትን ያነበበ ሰው ለምን እንደተደነቁበት ይገባዋል። አሁን ኢየሩሳሌም ሙዚየም ውስጥ ነው።

ውሾቹ ከፋርስ ዘመን ናቸው፤ በብዙ መቶዎች የሚቆጠሩ፣ አብዛኛዎቹ ቡችሎች። እያንዳንዱ ለብቻው በተቆፈረ ጉድጓድ በጎኑ ተጋድሞ፣ ጭራው በኋላ እግሩ ዙሪያ ታጥፎ። የመታረድ ምልክት የለም። ለምን እንዲህ እንደተቀበሩ ሊቃውንት እስካሁን ይከራከራሉ።

የፍልስጥኤማውያን ነገር ደግሞ አይዘለልም። ናቡከደነፆር በ604 ከክርስቶስ ልደት በፊት ሲያቃጥላት ገበያዋ ከነሚዛኑ፣ ከነወይን መሸጫው ከአመዱ ሥር ተገኝቷል። በ2016 ይፋ የሆነው የመቃብር ቦታቸውም ከቅጥሩ ውጭ ነው። በ2019 የታተመው የዘረመል ጥናት በብረት ዘመን መጀመሪያ የተቀበሩ ሕፃናት ላይ ከደቡብ አውሮፓ የመጣ ዘር አግኝቷል፤ ከመቶ ሁለት መቶ ዓመት በኋላ ግን ምልክቱ በጋብቻ ተውጦ ጠፍቷል።

ሸማኔው
ከ1270 ዘላችሁ ወደ ዛሬ ልትገቡ ነው መሰለኝ። መሐሉ ላይ ከተማ አለ እኮ።

ባሕር ዳሩ ባዶ ሲቀር ሰው ወደ ምድር ገባ ብሎ አል-መጅደል ላይ ሰፈረ። ታላቁ መስጊዱ በ1300 ነው የተሠራው፤ ዛሬ ሙዚየም ነው። መጅደል የምትታወቀው በሸማኔ ነበር። በጣም የታወቀው ጥለቷ «ጀንና ወ ናር» ይባላል፣ ገነትና እሳት ማለት ነው፤ ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ ጥጥ ሆኖ በዳርና ዳሩ አረንጓዴና ቀይ መስመር የሚወርድበት። የደቡብ ፍልስጤም ገበሬ ሴቶች ቀሚስ የሚሰፋው ከዚህ ነበር። በ1945 ከተማዋ 10,000 ያህል ነዋሪ ነበራት። በኅዳር 1948 የእስራኤል ጦር ሲይዛት አብዛኛው ሕዝብ ወደ ጋዛ ሸሸ፤ የቀሩት 2,500 ያህል ሰዎች ደግሞ እስከ 1950 መጨረሻ ወደዚያው ተሻገሩ። ሽመናውም አብሮ ሄደ፤ በጋዛ «መጅደላዊ» የሚባለው ጨርቅ ከዚህ የመጣ ነው። በባዶው ቤት አይሁድ ስደተኞች ገቡ። ከደቡብ አፍሪካ የመጡ አይሁዶች በ1950ዎቹ መጀመሪያ አጠገቡ አፍሪዳር የሚባል ሰፈር ሠሩ፤ ሁለቱ ተዋሕደው የዛሬዋ አሽቀሎን ሆኑ።

ባርዚላይ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ያለውን ኮረብታም ልብ በሉት። የነቢዩ መሐመድ የልጅ ልጅ የሑሴን ራስ (ጭንቅላቱ) አርፎበታል የተባለ መቅደስ በ1090ዎቹ ተሠርቶበት ነበር። ጭንቅላቱ በ1153 ወደ ካይሮ ተወሰደ፤ የመቅደሱ ሚንበር (የስብከት መድረክ) ኬብሮን አለ፤ ሕንጻው በ1950 ፈረሰ። አሁን የእብነ በረድ መድረክ ብቻ አለ፤ ሺዓ ምዕመናን ከሕንድ ድረስ እየመጡ ይሰግዱበታል።

መሐንዲስ 7
ሦስተኛው ጥያቄ፦ የምትተዳደረው በባሕሩ ነው፤ ግን በዓሣ አይደለም። 150,000 አካባቢ ሰው ይኖርባታል፤ ከኢትዮጵያ የመጣው ማኅበረሰብም በብዙ ሺህ ይቆጠራል።

አንድ፣ ነዳጅ። የስዊዝ ቦይ በ1967 ስለተዘጋ ከኤይላት እስከ አሽቀሎን 254 ኪሎ ሜትር ቧንቧ ተዘረጋ፤ ድርጅቱ በ1968 ሲቋቋም የእስራኤልና የሻህ ኢራን የጋራ ነበር። ታንከሮቹ ዛሬም ዳርቻው ላይ አይጠጉም። ራቅ ብለው ከተንሳፋፊ ቦያ ጋር ይታሰራሉ፣ ነዳጁ በባሕር ሥር ቧንቧ ይመላለሳል። ቆፋሪው ስለ ጥንቱ ጀልባ ያለው ማለት ነው፤ ወደብ የለም፣ ጫፉ ብቻ ተቀየረ።

ሁለት፣ መብራት። በድንጋይ ከሰል እንዲሠራ የተገነባው ሩተንበርግ ጣቢያ፣ 2,250 ሜጋ ዋት።

ሦስት፣ ውሃ፤ ዋናው እሱ ነው። በ2005 ሥራ የጀመረው የባሕር ውሃ ማጣሪያ በዓመት 100 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ለማምረት ታቅዶ ኋላ ወደ 120 ሚሊዮን ተጠግቷል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ውሃው ከዳርቻው 1 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በትልልቅ የፕላስቲክ ቧንቧዎች ይሳባል፤ ዳር ላይ ቢሳብ አሸዋና አልጌ ይበዛበታል። ደቃቁ ቆሻሻ እንዲጓጉል የብረት ጨው ይጨመርበታል፤ ከዚያ በአሸዋ ማጣሪያ ያልፋል፣ ቀጥሎ ከፀጉር በቀጠነ ቀዳዳ። ሜምብሬኑን (ውሃውን አሳልፎ ጨዉን የሚያስቀረውን ስስ ሽፋን) የሚገድለው ጨው አይደለም፤ ይህ ቅድመ ማጣሪያ ሲዘነጋ የሚገባው ዝቃጭ ነው።

የባሕሩ ውሃ በሊትር 40 ግራም ጨው ስላለው በተፈጥሮ 30 ባር ያህል ግፊት ይቃወማል። ስለዚህ ፓምፖቹ በሜምብሬኑ እንዲያልፍ ወደ 70 ባር ይገፉታል። ከ100 ሊትር 45 ሊትር ያህል የሚጠጣ ይወጣል፤ የቀረው 55 ሊትር ጨዉን ሁሉ ይዞ በሊትር ከ70 ግራም በላይ ይሆንና ወደ ባሕር ይመለሳል። ይህ ቀሪ ውሃ ሲወጣ ግፊቱ ገና አለው፤ ግፊቱን ወደሚገባው ውሃ የሚያስተላልፍ መሣሪያ ባይኖር ኖሮ የመብራቱ ወጪ አይቻልም ነበር።

አስቸጋሪው ቦሮን ነው። በባሕር ውሃ ውስጥ በሊትር 5 ሚሊ ግራም ያህል አለ፤ ኤሌክትሪክ ሙል ስለሌለው በሜምብሬኑ ሾልኮ ያልፋል። ብርቱካንና ሎሚ ደግሞ ቦሮን አይችሉም። መፍትሔው አንዴ የተጣራውን ውሃ አልካሊ አድርጎ እንደገና ማሳለፍ ነው፤ ያኔ ቦሮኑ ሙል ይይዝና ይቀራል። አሽቀሎን ከ0.4 ሚሊ ግራም በታች ያወርደዋል። በመጨረሻ ውሃው ባዶ ስለሆነ ቧንቧ ይበላል፤ ለዚህ በኖራ ድንጋይ ላይ ተላልፎ ካልሲየም ይሰጠዋል።

ጨው በረንዳ
መሐንዲስ፣ ጉድለቱንም ጻፍ እንጂ። የኖራ ድንጋይ ካልሲየም ይመልሳል፣ ማግኒዥየም አይመልስም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በዚህ ውሃ ያለሙ ገበሬዎች ቲማቲምና በሶብላ ላይ የማግኒዥየም እጥረት አዩ፦ አሮጌው ቅጠል በደም ሥሮቹ መካከል ቢጫ ይሆናል። ቀድሞ ከጉድጓድ ውሃ በነጻ ያገኙት የነበረውን በማዳበሪያ መግዛት ግድ ሆነ። ሌላው፣ ያ የብረት ጨው ነው። ማጣሪያው በታጠበ ቁጥር ባሕሩ ዳር ቀይ ደመና ይታይ ነበር።

መሐንዲስ 7
ልክ ነህ። ቀዩ ነገር ዝገት ነው፤ መፍትሔው ዝቃጩን ጨምቆ በየብስ ማስወገድ ነው እንጂ ባሕር ውስጥ ማቅጠን አይደለም። ማግኒዥየሙን ግን መመለስ ይቻላል፤ ጥያቄው ማን ይክፈል የሚለው ነው።

ሽንኩርት ተራ
ከተማዋ ለዓለም የሰጠችው ነገር ተረሳ፤ ስሟን። የጥንቱ የግሪክ ጂኦግራፈር ስትራቦን የአስቀሎናን ሽንኩርት ያወድሳል። ሮማውያን «አስካሎኒያ» አሉት፣ ከዚያ ፈረንሳዩ ኤሻሎት፣ እንግሊዙ ሻሎት አደረገው። እኛ ጋ የሐበሻ ሽንኩርት የምንለው፣ ራሱን ተክለውት አንዱ ኮረት ከሥሩ ተከፋፍሎ ዘለላ የሚሆነው፣ ዝርያው ይኸው ነው፤ የዕፅዋት ሊቃውንት ለረጅም ጊዜ በአስቀሎና ስም መዝግበውት ነበር። ተክሉ ከመካከለኛው እስያ ሳይሆን አይቀርም፤ አስቀሎና ነጋዴዋ ናት። ለወጥ ከባሮውና ከትልቁ ሽንኩርት እሱ እንደሚበልጥ ክርክር የሚያነሣ ካለ ሌላ ክር ይክፈት።

የነታንያዋ
ተማሪ ይዞ በበጋ ለሚሄድ ምን ትመክራላችሁ?

ዋናተኛው
ባቡር አለ፤ ግን ከዓርብ ከሰዓት እስከ ቅዳሜ ማታ አይሠራም። ፍርስራሹ ያለው በብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ ነው፤ ጥላ የሚገኘው ከሾላ ዛፎቹ ሥር ብቻ ስለሆነ በጠዋት ጀምሩ። መጀመሪያ በሩ፣ ከዚያ በ363ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ የፈረሰው የሮማውያን ባዚሊካ፣ ከዚያ በእንስሳ የሚዞረው ጉድጓድ፣ መጨረሻ የባሕሩ ግንብ።

ባሕር ከገባችሁ ነፍስ አድን ባለበት ብቻ። ነጭ ባንዲራ መዋኘት ይቻላል፣ ቀይ አደገኛ ነው፣ ጥቁር ክልክል ነው። ወደ ውስጥ የሚስብ ጅረት ከያዘህ ወደ ዳር አትታገል፤ ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኝ፣ ጅረቱ ጠባብ ስለሆነ ታልፈዋለህ።

በሰኔና በሐምሌ ጄሊፊሽ ይመጣል፤ በስዊዝ ቦይ ከቀይ ባሕር አቅጣጫ የገባ ዝርያ ነው። የመብራት ጣቢያውን መሳቢያ እንኳ የሚደፍነው እሱ ነው። ሲለበልብ በራሱ በባሕሩ ውሃ ታጠቡ። የቧንቧ ውሃ ያልፈነዱትን መርዝ ከረጢቶች ያፈነዳቸዋል። ኮምጣጤም አታድርጉ፤ ለሌላ ዝርያ ይረዳ ይሆናል፣ ይህን ግን ያብሰዋል። በአሸዋ አትሹት። ከታጠበ በኋላ በረዶ በፌስታል ጠቅልሎ መያዝ ነው፤ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ፊት ካበጠ ወደ ሆስፒታል።

ምሰሶዎቹን ለማየት ከሥራቸው አትቁሙ፤ ኩርካሩ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚናደው። ከግንቡ በስተደቡብ አሸዋው ላይ ሃያ ሠላሳ ሜትር ራቅ ብላችሁ፣ ፀሐይ ወደ ባሕሩ ስታዘነብል፣ ጫፎቻቸው ሁሉ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ።